ሰሙ ድምፁ ሲሆን

(ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በኋላም ፍኖተ ሰላም ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ሮክ ሙዚቃ የሚወደው ጸሐፊ ነው። ክርክሩን ያስነሣው ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤርታሌ» የተባለ አልበም ነው።)

መምህሩ፦ «ኤርታሌ»ን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት ልጄ። ልጆቹ ጉሮሮ አላቸው፤ ሁለቱ ሴቶችና ሁለቱ ወንዶች ሲቀባበሉ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ቃሉን ምን በላው? ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደልቃል፣ ግጥሙ ከሥር ሆኖ አየር ያጥረዋል። በእኛ አገር ደግሞ ዘፈን ማለት ከሁሉ በፊት ቃል ነው። ቡሬ ገበያ በርበሬውንና በቆሎውን ሸጦ ጠጅ ቤት ጎራ ያለ ገበሬ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮውን የሚያቀናው ለስንኟ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም እሷን ይዞ ነው የሚመለሰው። መንገድ ላይ ያመነዥካታል፣ ለጎረቤቱ ይነግራታል፣ በፍቿ ይከራከርባታል። ሰው ዘፈን ወደደ የሚባለው እንዲህ ሲያደርግ ነው። ሮክ የምትሉት ነገር ያችን ስንኝ ከወሰደብን በምትኳ ምን ይሰጠናል?

ጸሐፊው፦ ሮክን የማይወዱ ሰዎች ከሚያነሡት ሁሉ ከባዱን ነው ያነሡት ጋሼ። መልሴ ይኸው፦ ሮክ ቃሉን አይበላውም፤ የሰሙን ሥራ ከቃሉ ላይ አንሥቶ ለድምፁ ይሰጠዋል። በአዝማሪ ግጥም ሰሙም ወርቁም ያሉት በቃሉ ውስጥ ነው። ማሲንቆው ያጅባል፣ ያዳምቃል፣ ለአዝማሪው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ ሌላ ትርጉም አይሸከምም። በደህና የሮክ ዘፈን ግን መጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚያርፈውና «ዘፈኑ እንዲህ ማለቱ ነው» የሚያሰኘው ድምፁ ነው። ጊታሩ፣ ድራሙ፣ የዘፋኙ ጩኸት፣ ሰሙ እሱ ነው። ቃሉ ከሥሩ ተቀምጦ ሌላ ነገር፣ አንዳንዴም ተቃራኒውን ይናገራል። ይህ እውነት ከሆነ በሰምና ወርቅ ያደገ የጎጃም አዳማጭ ለሮክ ባዕድ ሊሆን አይችልም። ጆሮው ከብዙ ሰው ይልቅ የተዘጋጀ ነው፤ የቀረው ነገር ሰሙን ከቃሉ ውጪ መፈለግ ነው።

አብነት ላቅርብ። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1984 እ.ኤ.አ. «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚል ዘፈን አወጣ፤ አሜሪካ ተወለድኩ እንደ ማለት ነው። ድራሙ እንደ ድል ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዝማቹ ባንዲራ የሚያስይዝ ነው። ስታዲየም ሞልቶ አብሮት ይዘፍን ከነበረው ሕዝብ ብዙው አገር የሚያወድስ ዘፈን መስሎት ነበር። በዚያው ዓመት ለምርጫ ይወዳደሩ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ኒው ጀርሲ ላይ ባደረጉት ንግግር የዘፋኙን ስም ጠርተው ዘፈኖቹ ተስፋ የሚሰጡ ናቸው ብለው አሞገሱት። የግጥሙ ባለታሪክ ግን ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ፣ ወንድሙን እዚያው ያጣ፣ አገሩ ሲገባ የሚቀጥረው ያላገኘ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነው። አዝማቹ ለድራሙ ኩራት ነው፤ ለባለታሪኩ ክስ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ አዳማጭ እንደ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መምህሩ፦ ቀስ በል ልጄ። ሰምና ወርቅን እንዲህ በቀላሉ ካወጣሃት የቅኔ ቤት ሰዎች ይቀየሙሃል፤ ቢቀየሙም እውነት አላቸው። ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት የሚቆጠረው ለጠጅ ቤት ጨዋታ አይደለም። ይህን ልለፍልህና ሌላ ልጠይቅህ። ሰምና ወርቅ ማለት ሁለት ነገር መናገር ብቻ መሰለህ? ሰሙና ወርቁ የሚገናኙበት ማሰሪያ አላቸው፤ አንዱ ግስ ለሁለቱም ያገለግላል። ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ሌሊቱን የሚያነጋው ያን ማሰሪያ ፍለጋ ነው። ማሰሪያ የሌለው ሰምና ወርቅ ሁለት የተጣሉ ሰዎች በአንድ ቤት እንደ መኖር ነው። የአንተ አሜሪካዊ ድራሙ ደስ ብሎት ቃሉ አዝኗል። ማሰሪያቸው የታለ? ምናልባት ዘፈኑ ራሱ ያልተስማማ ይሆን ይሆናል፤ ሕዝቡም ቢሳሳት ጥፋቱ የዘፋኙ ነው።

ጸሐፊው፦ ቅኔና ዘፈን እኩል ናቸው አላልኩም ጋሼ። የምለው ጆሮው አንድ ነው ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጉባኤ ለዘመናት የተገራው የማዳመጥ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ሠርግ ቤት፣ ገበያ፣ እርሻ ድረስ ደርሷል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ «ይህች ነገር ውስጠ ወይራ ናት» ሲል የሚሰማው ለዚህ ነው። የማሰሪያው ጥያቄ ግን የክርክሩ ልብ ስለሆነ ልቆይበት። የዚያ ዘፈን ማሰሪያ አዝማቹ ነው። ያው አንድ ሐረግ ከድራሙ ጋር ሲሰማ «በዚህ አገር በመወለዴ ኮራሁ» ይላል፤ ከግጥሙ ጋር ሲሰማ «የተወለድኩበት አገር እንዲህ አደረገኝ» ይላል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ጌታው ነው ሁለት የሆነው። ይህ የዘፋኙ ጥፋት አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም አለ። ስፕሪንግስቲን ይህንኑ ዘፈን ቀደም ብሎ፣ በ1982፣ ብቻውን በጊታር ቀርጾት ነበር፤ ቅጂው በ1998 ለሕዝብ ወጣ። እዚያ ድራም የለም፣ የድል ድምፅ የለም፤ ድምፁ የተከፋ ሰው ድምፅ ነው። ያንን የሰማ ሰው ዘፈኑን ለውዳሴ ሊቆጥረው አይችልም። ስለዚህ በሁለተኛው ቅጂ የተጨመረው ሰሙ ነው፤ የጨመረውም ድምፁ ነው።

ሌላም አለ። «ዘ ፖሊስ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ» በብዙ አገር ለሠርግ የሚመረጥ ዘፈን ነው። ጊታሩ ለስላሳ፣ ዜማው የሚያባብል ነው። ደራሲው ስቲንግ ግን የጻፈው ስለ ፍቅር ሳይሆን የተለየችውን ሴት እርምጃ በእርምጃ ስለሚሰልል ቀናተኛ ሰው መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህም ዜማው ሰም ነው። እኛ አገር ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ስንኝ ቢወርድ ከሚዜዎቹ መካከል አንዱ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ያ መጠራጠር ነው የጎጃም አዳማጭ ሀብት።

መምህሩ፦ የፈረንጁን አስረዳኸኝ። አሁን በአማርኛ አሳየኝ። አማርኛ የራሱ ልክ አለው። ወል ቤት በስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን በአምስት በአምስት፣ ቡሄ በሉ በአራት በአራት ይረግጣል። የእኛ ዘፈን ምት ችክችካ ነው፤ በሦስት በሦስት እየተከፈለ ነው የሚሄደው። ሮክ በአራት ይመታል። ቃሉን ከልኩ አውጥተህ በሌላ ልክ ስትሰፋው ትርጉሙ ይቀደዳል።

ጸሐፊው፦ በምቱ ላይ ብዙ አልከራከርም። ሮክ የተወለደበት ብሉዝ ራሱ ምቱን በሦስት የሚከፍልበት አካሄድ አለው፤ እንኳን ሊርቀን ለችክችካ ጎረቤት ነው። በአማርኛ ላሳይዎ ያሉኝን ግን በሰንጎ መገን እሞክራለሁ። በምዕራብ ጎጃም ወርዶ ዓባይ የሚገባውን ብር ወንዝን ያስቡልኝ። ለዚህ ክርክር ብዬ ያሰርኳት ስንኝ ይህች ናት፦

ብር ወሰደብኝ፣ ያን የልቤን ሰው፤
ዋና አላውቅ እኔ፣ ማን ይመልሰው።

ሰሙ የታወቀ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ የወሰደባት ሴት ለቅሶ ነው፣ ዋናተኛም አይደለችም። ወርቁ ደግሞ የገንዘብ ነው። ብር የተባለው ገንዘቡ፣ ዋና የተባለው መነሻ ገንዘቡ፣ መመለስ የተባለው ዕዳ መክፈሉ ነው። ሰውየው ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ሄዷል፤ እሷ ደግሞ እሱን የምታስመልስበት መነሻ የላትም። መውሰድ፣ ዋና፣ መመለስ፣ ሦስቱም ለወንዙም ለብድሩም ያገለግላሉ። አዝማሪ ይህን በማሲንቆ ቢለው አዳማጩ ሰሙንም ወርቁንም ከቃሉ ያገኘዋል። አሁን በሮክ ያስቡት። መጀመሪያ የጊታሩ ዲስቶርሽን ከሩቅ እያጉረመረመ ይመጣል። ድራሙ እየበረታ ይሄዳል፣ ቤዙ መሬት ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያዋን ቤት አራት ሰው በአንድ ጉሮሮ ይጮኻታል። ያኔ ወንዙን የሚያመጣው ድምፁ ነው፤ አዳማጩ ውኃ ሲሞላ ይሰማዋል፣ ስለ ገንዘብ ማሰብ አይችልም። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በአንድ ክር፣ «ዋና አላውቅ እኔ» ትላለች። ውኃው ከጆሮ ሲወጣ «ዋና» ትራቆታለች፤ ያኔ ነው ወርቁ የሚታየው። ጩኸቱ ቃሉን ከሸፈነው ለዚህ ጊዜ ብሎ ነው የሸፈነው። ማሲንቆ ይህን ያህል ሰም መጣል አይችልም፤ ከጉልበቱ በላይ ነው።

መምህሩ፦ ስንኟ ቤት መትታለች። ለመቀበል ግን አልቸኩልም። ያንን ዝምታ ማን ያውቅበታል? ያሰማኸኝ አልበም ውስጥ ድምፁ ብዙ ጊዜ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው ነው። ደግሞም በእኛ ድምፅና ቃል የተስማማው በእጅጋየሁ ሽባባው ነው ብዬ አምናለሁ። ቻግኒ ተወልዳ አድጋ የአገሯን ዜማ ሳትለቅ ዓለምን አዳረሰች። እሷ ሮክ አያስፈልጋትም።

ጸሐፊው፦ እጅጋየሁን ካነሡልኝ ለኔ ክርክር ነው ያገዙኝ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን በስሟ የተሰየመውን አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። «ኤርታሌ»ንም ያዘጋጀው እሱ ነው። እሱ ደግሞ በ1986 ብቻ የ«ሞተርሄድ»ንና የ«ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ»ን አልበሞች ያዘጋጀ፣ በጩኸት ሥራ የተካነ ሰው ነው። በእጅጋየሁ አልበም ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋራኦ ሳንደርስ የተባሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተዋል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል «ዓባይ» የሚለው ዘፈኗ፣ «ባለዋሽንቱ» የሚለው ዘፈኗ አልሰጠመም። ለምን? ቃሏን ስታወጣ ድምፁ ቦታ ስለሚለቅላት ነው። ቤዙ ከሥር ይጎተታል፣ እሷ ከላይ ትንሳፈፋለች፤ ስትጨርስ መሣሪያው ይመልሳል። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣውን ወንዝ ስትጠራው ያ ከሥሩ የሚሄደው ቤዝ የውኃ ሥራ ይሠራላታል። በ2006 ያወጣችውን አልበም «ወርቅና ሰም» ብላ መሰየሟም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ምን እየሠራች እንዳለች አውቃለች። ስለዚህ ልዩነቱ የሮክና የባህል ልዩነት አይደለም። ቦታ የሚለቅ ድምፅና ቦታ የማይለቅ ድምፅ ልዩነት ነው። ጃኖ ላይ ያሉትን ወቀሳ በዚህ መልኩ ቢያነሡት እኔም ከጎንዎ እቆማለሁ፤ ቦታ ያልለቀቀባቸው ጊዜያት አሉ።

መምህሩ፦ ጥሩ፤ ግን ከውጭ የመጣ ድምፅ ከእኛ ቃል ጋር ሲጋባ ሁልጊዜ ቃሉ ነው ተጎጂው የሚል ፍርሃቴን አላስወገድከውም።

ጸሐፊው፦ የራስዎ አገር ሰው ነው የሚመልስልዎ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የወጣ የቅኔ ሰው ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ቃል የጻፈው እሱ ነው፤ ዜማውን የሠራው ደግሞ ኬቮርክ ናልባንድያን የተባለ አርመናዊ ነው። ናልባንድያን ከኢየሩሳሌም በ1924 እ.ኤ.አ. የመጡ አርባ ልጆችን ነሐስ መሣሪያ ያስጫወተ ሰው ነው። ነሐስ ባንድ ለዚያ ዘመን ጆሮ ከዛሬው ኤሌክትሪክ ጊታር ያነሰ ባዕድ አልነበረም። ከማሲንቆ፣ ከክራር፣ ከዋሽንት ጋር ምን ያገናኘዋል? የደብረ ኤልያስ ሰው ግን አልሸሸውም፤ ቃሉን በልኩ አስገብቶለት መዝሙሩ ከ40 ዓመት በላይ ተዘመረ። ትራምፔትን የተቀበለ ጆሮ በጊታር ላይ በር የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህሩ፦ የመዝሙሩን እቀበልሃለሁ፤ እሱ ግን የሥነ ሥርዓት ነገር ነው፣ የመንፈስ ነገር ሌላ ነው። ሮክ የምትለው ነገር ቁጣ ነው። የከተማ ልጅ ቁጣ፣ የፋብሪካ ጎረምሳ ቁጣ። የእኛ ቁጣ መንገድ አለው፤ ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ አለን። ፉከራ ደግሞ የዘፈን ጌጥ አይደለም። በጣልያን ጊዜ በላይ ዘለቀ አርበኞቹን ይዞ በዚህ ጎጃም ሲዋጋ የተፎከረው ፉከራ ደም ያለበት ነው። እሱን ወስደህ መድረክ ላይ ለመዝናኛ ብትሸጠው ነውር ነው።

ጸሐፊው፦ ነውርነቱን ብሠጋም ነገሩ ከሆነ ቆይቷል፤ የሆነውም በክብር ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሽለላን ወስዶ በሳክስፎን ተጫወተው። ቃል የለውም፤ ነገር ግን የሰማ ሰው «ይህ ፉከራ ነው» ማለት አይሳነውም። ያ ትንፋሽ የሚያስጨንቀው ድምፅ፣ ያ እየሰበረ የሚነሣው ነገር ከፎካሪው ጉሮሮ የተወሰደ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣም ጎፈር ደፍቶ እንደ ጦረኛ ነበር የሚቆመው። በ2004 ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ፣ በ1979 የተመሠረቱ የኔዘርላንድ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋበዙት። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚል አልበም አብረው አወጡ። ቁጣን በጊታር የሚያውቁ ሰዎች ቁጣን በሽለላ የሚያውቀውን ሰው ሲያገኙት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሁለቱም በድምፅ ሰም መሥራት ያውቁ ነበርና። ቀረርቶ ስንሰማ እኮ ቃሉ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ጸጉራችንን ያቆመዋል። ድምፅ የራሱ ትርጉም ያለው መሆኑን ጎጃም የተማረው ከአሜሪካ አይደለም ማለት ነው።

መምህሩ፦ ታዲያ ሆላንዶቹ ሰሙን ብቻ ወሰዱ ማለትህ ነው። ከጠየቅኸኝ እኔ በዚህ አዝናለሁ። ፉከራ ያለ ቃሉ ግማሽ ነው።

ጸሐፊው፦ እውነትዎን ነው፤ ግማሽ ነው። በዚህ አልከራከርዎትም። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ከኢትዮጵያ ዘፈን የሚደርሰው ሰሙ ነው። በውጭ አገር ያገኘነው አድናቆት የዚያ ግማሽ አድናቆት ነው፤ መደሰቱ ተገቢ ሆኖ፣ ሙሉውን አድንቀውናል ብሎ መዘናጋት ግን ስሕተት ነው። ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን ይህ ነው፦ ግማሹ ብቻውን ያንን ያህል ከሠራ፣ ሌላኛውን ግማሽ የያዘው አዳማጭ ያለው እዚህ ነው፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ። ዘፈኑ ሙሉ ሊሆን የሚችለው እዚህ ጆሮ ላይ ነው። ይህን የሚያህል ዕድል ይዘን «የእኛ አይደለም» ብለን ማሳለፋችን ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው የምለው።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። አዝማሪ ቤት አዳማጩ ዝም አይልም። «ተቀበል!» ይልና የራሱን ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማታል። የጎጃም አዳማጭ ለዘፈን የሚሰጠው መልስ ራሱ ግጥም ነው። ቅኔ ቤትም ዘራፊው ሲጨርስ ጉባኤው «ይበል!» ይለዋል፤ ካልጣመው ዝም ይላል፣ ያ ዝምታ ፍርድ ነው። የአንተ ባንድ በስቱዲዮ ዘግቶ የጨረሰውን ነገር ሕዝቡ ምን ሊጨምርበት ይችላል? ልጆቹ ሱቅ ሄደው ሚሞሪ ላይ ያስጭኑታል፤ ያበቃል። አዳማጩን አንደበቱን ዘግታችሁ ጆሮውን ብቻ ነው የፈለጋችሁት።

ጸሐፊው፦ ከጠበቅሁት ሁሉ ይህኛው ነው ያስጨነቀኝ፤ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬም አልዋሽም። ሆኖም ያ መዘጋት ከሮክ ጋር አልመጣም። ካሴት ሲመጣ ነው የመጣው። ይሁኔ በላይ የጎጃምን ዘፈን በካሴት ሲያዳርስም ማንም ገበሬ «ተቀበል» ሊለው አልቻለም። ስለዚህ ክሱ የመቅረጫው ነው፣ የጊታሩ አይደለም። ሁለተኛው መልሴ የሮክ መድረክ ስለ መቀበል ያለው ነገር ነው። «ክዊን» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. «ዊ ዊል ሮክ ዩ»ን ሲያወጣ ምቱ ሁለት ጊዜ እግር መርገጥና አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነበር። ይህን የሠሩት ታዳሚው አብሮ እንዲመታው አስበው ነው፤ አልተሳሳቱም። ከጎጃም ወንፈልና ደቦ ጋር ያስተያዩት። አንዱ አውራጅ ያወርዳል፣ ሌላው እየጎለጎለ፣ እያጨደ ይቀበላል። የሰውነቱ ሥራ ምቱ ነው። ቦስተን ያሉ ኢትዮጵያዊ አሜሪካውያንና ጓደኞቻቸው ባንዳቸውን «ደቦ ባንድ» ብለው የሰየሙትም ይህንን የመረዳዳት ሥራ አስበው ነው። የ2012 አልበማቸውን ያወጣው «ኔክስት አምቢያንስ» የ«ሰብ ፖፕ» ቅርንጫፍ ነው፤ የ«ኒርቫና»ን የመጀመሪያ አልበም ያወጣው ድርጅት ማለት ነው። እንግዲህ ደቦና ሮክ በአንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል።

ይህ ሁሉ ግን «ተቀበል»ን አይተካም፤ በዚህ እስማማለሁ። እግር መርገጥ መቀበል ነው እንጂ ስንኝ መወርወር አይደለም። አማርኛ ሮክ ሙሉ ሊሆን ከፈለገ ይህን ከአዝማሪ መማር ያለበት ይመስለኛል። በአዝማቹና በአዝማቹ መካከል ድራሙ ብቻ እየመታ የሚቆይበት ክፍት ቦታ ቢተው፣ ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ቢያወርድ፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ቢያሰማ፣ ማንም የዓለም ሮክ ባንድ የሌለውን ነገር እኛ ይኖረናል። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ መድረክ፣ አንድ ተጨማሪ ማይክራፎንና የሚያዳምጥ ዘፋኝ ይበቃዋል።

መምህሩ፦ አሁን ክሱ ከጊታሩ ተነሥቶ ገጣሚው ላይ ወደቀ፤ ገባኝ። እኔም ከመጀመሪያው ያሳሰበኝ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ቃላቸው የሚቀል ዘፈኖች ድምፃቸው ሲገን ይብሳል፤ ምንም የሌለበትን ነገር ምን ያህል ቢሸፍኑት ወርቅ አይወጣበትም። ድምፁ ሰም ነው ካልከኝ ከሥሩ ወርቅ መኖሩን ማየት አለብኝ። ማሰሪያዋ ቃል ደግሞ ጥርት ብላ ካልተሰማች እኔ «ይበል» አልልም።

ጸሐፊው፦ እኔም አልልም ጋሼ። ስለዚህ ነው አማርኛ ሮክ ከሌላው ዘፈን የጠነከረ ግጥም ያስፈልገዋል የምለው። ለስለስ ያለ ዘፈን ደካማ ስንኝ ቢኖረውም ዜማው አባብሎ ያሳልፈዋል፤ ሮክ ግን ጩኸቱን አስቀድሞ አዳማጩን «ምን ሊሉ ነው?» አሰኝቶታል፤ ዝም ሲል የሚናገረው ነገር ከሌለው ያፍራል። ግጥም ጻፊዎቹን ከአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ብቻ ከመፈለግ እዚህ፣ ቅኔ የቆጠሩና ጊታርም የሚወዱ ወጣቶች መካከል መፈለግ ይሻላል ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። ቀራጩም ቢሆን ዕዳ አለበት፤ ማሰሪያዋ ቃል ስትመጣ የጊታሩን ድምፅ ዝቅ ማድረግ በአንድ ጣት የሚሠራ ሥራ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያውስ አልበሙን መልሼ እሰማዋለሁ። ግን መጀመሪያ ግጥሙን በወረቀት ጻፍልኝ፤ አንብቤ፣ ወርቁን ፈልጌ፣ ከዚያ ልስማው።

ጸሐፊው፦ እጽፍልዎታለሁ። አዝማቹን ግን ከወረቀቱ አስቀረዋለሁ ጋሼ፤ እሱን ከድራሙ ጋር ይስሙት።